የፈረሰ ተራራ ዕድሜ ከማዕድን እንዴት ይወጣል? ከዓባይ በረሃ እስከ ላብራቶሪ

ጎጃም ውስጥ «ያረጀ ተራራ አሳዩኝ» ብትሉ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ጮቄ ይቀስራል። ጮቄ ግን በድንጋይ ዕድሜ ገና ልጅ ነው። ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የከመረው ነው። ከሥሩ የተነጠፈው የደጋው ጥቁር ድንጋይም ቢሆን 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አሮጌው ተራራ ከዚህ ሁሉ በታች ተቀብሯል። አህጉር ከአህጉር ተጋፍቶ ያቆመው፣ ዝናብና ወንዝ ጠርቦ የጨረሰው፣ በኋላም አሸዋ፣ ጀሶ፣ ኖራና ባዛልት የተጫነበት ተራራ ነው። ጫፉ የለም። ሥሩ ግን አለ። ዓባይ ደጋውን እየቆረጠ ወደ ምዕራብ ሲወርድ ያወጣዋል።

ያ ተራራ መቼ እንደቆመ ማወቅ ይቻላል። ሥራው መዶሻ፣ ወንፊትና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ውድ መሣሪያ። መመሪያው በተለይ ለጂኦሎጂ ተማሪዎች ነው። ድንጋይ ማየት የሚወድ ማንም ሰው ግን እስከ ሦስተኛው ደረጃ ድረስ በራሱ ሊሠራው ይችላል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። መሣሪያው የሚነግራችሁ የማዕድኑን ዕድሜ ነው። የተራራውን ዕድሜ የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ያ የሚሆነው ደግሞ ማዕድኑ ከየትኛው ድንጋይ፣ ከየትኛው ቦታ እንደመጣ በትክክል ስታውቁ ብቻ ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ የተሳሳተ ሥራ ብዙ አለ።

1. መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ ማዕድን

ዩራኒየም በራሱ ጊዜ እየፈረሰ እርሳስ ይሆናል። ዩራኒየም 238 (ቁጥሩ የአቶሙን ዓይነት በክብደቱ ይለያል) ግማሹ እስኪፈርስ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፤ ዩራኒየም 235 ደግሞ 704 ሚሊዮን ዓመት። ፖታሲየም 40 በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ይጋመሳል፤ ከሚፈርሰው ውስጥ ከመቶ 11 ያህሉ አርጎን 40 ይሆናል። ፍጥነቱ ስለሚታወቅ የቀረውንና የተተካውን ለክቶ ጊዜውን ማስላት ይቻላል።

ይህ የሚሠራው የተተካው ነገር ማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ከቆየ ነው። ማዕድኑ እሳት ሆኖ ሳለ እርሳሱም አርጎኑም ያመልጣል፤ ያልተለሰነ የጠላ ጋን እንደሚተነፍሰው ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ ይዘጋል። ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያች ሰዓት ነው። የሚዘጋበት ሙቀት ከማዕድን ማዕድን ይለያያል። ዚርኮን የሚባለው ደቃቅና ጠንካራ ማዕድን ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖም እርሳሱን አይለቅም። ሆርንብሌንድ የሚባለው ጠቆር ያለ ማዕድን ከ500 እስከ 550 ዲግሪ አካባቢ ይዘጋል። በስስ ቅጠል የሚላጠው ሚካ ደግሞ ነጩ ወደ 400፣ ጥቁሩ ወደ 300 ዲግሪ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታውቁት ምን ልትጠይቁ እንደሆነ ነው። ቅልጡ (የቀለጠው ድንጋይ) መቼ ረግቶ ግራናይት ሆነ? ዚርኮን ፈልጉ። ድንጋዩ በጥልቀት ተቀብሮ በሙቀትና በግፊት የተለወጠው መቼ ነው? ሞናዛይት ወይም ጋርኔት የሚባሉትን ማዕድናት። ተራራው እየተሸረሸረ ሥሩ ወደ ላይ ሲወጣ የቀዘቀዘውስ? ሆርንብሌንድና ሚካ። አንድ ማዕድን ሦስቱንም አይመልስም።

ለጀማሪ የምመክረው ዚርኮንን ነው። ሲፈጠር ዩራኒየምን ይቀበላል፣ እርሳስን ግን ወደ ውስጥ አያስገባም። ስለዚህ ዛሬ ውስጡ ያለው እርሳስ ከሞላ ጎደል እዚያው የተወለደ ነው። ጠንካራ ነው፤ ተሸርሽሮ፣ በወንዝ ተንከባልሎ፣ እንደገና ተቀብሮ እንኳ አይጠፋም።

2. ከመውረድ በፊት ካርታ

የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ካርታዎች በ1፡250,000 መጠን የተዘጋጁ አሉ። የምትሄዱበትን ሉህ አግኙና ጥንታዊው መሠረት ዐለት የት እንደሚወጣ በቀለሙ ለዩ። ዓባይ በረሃ ሁሉ አንድ አይደለም።

ከደጀን ወደ ድልድዩ የሚወርደውን መንገድ ውሰዱ። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። ዝቅ ስትሉ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ፣ ከታች ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ። ይህን ሁሉ ወርዳችሁም የአሮጌውን ተራራ ሥር አታገኙም። እዚያ ላይ ወንዙ ገና አልደረሰበትም። እሱን ለማየት ወንዙን ተከትሎ ወደ ምዕራብ፣ በቀድሞው አከላለል ጎጃም ወደነበረው መተከል መሄድ ነው። በቡለንና በጉባ በኩል ግራናይቱ፣ በሙቀትና በግፊት የተለወጡት ናይስና ሺስት፣ እብነ በረዱም በአደባባይ ተሰጥቷል። የሕዳሴው ግድብም የተተከለው በዚሁ ጥንታዊ ዐለት ላይ ነው።

ይህ ዐለት የምሥራቅ አፍሪካ ኦሮጅን የሚባለው ግዙፍ የተራራ ሰንሰለት አካል ነው። በግምት ከ850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሞዛምቢክ የሚባለው ጥንታዊ ውቅያኖስ ሲዘጋ፣ ምሥራቁና ምዕራቡ ተጋጥመው ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር ሲሠራ የቆመ ነው። ከዓረቢያ እስከ ሞዛምቢክ ይዘልቃል። ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ግን ሰፊ ነው። የእናንተ ሥራ በዚያ ሰፊ ጊዜ ውስጥ የቆማችሁበት ዐለት ምን ሲሆን እንደነበር ማጥበብ ነው።

ጉዞው ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይሻላል። ከዚያ በኋላ ቆላው ያቃጥላል፤ ክረምት ላይ ደግሞ መንገዱም ወንዙም አይታመንም። የወባ አጎበር ያዙ። የወረዳውን አስተዳደር ሳታነጋግሩ፣ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ደብዳቤ ሳትይዙ አትውረዱ። ቀበሌ ስትደርሱ የአካባቢውን ሽማግሌ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። መዶሻ ይዞ ድንጋይ የሚሰብር እንግዳ ወርቅ ፈላጊ መምሰሉ አይቀርም። «አባባ፣ ወርቅ አይደለም፤ የድንጋዩን ዕድሜ ልናጠና ነው» ብላችሁ ዐለቱን አብራችሁ ብታሳዩ፣ ከየትኛው ገደል ሥር አዲስ ድንጋይ እንደተናደ የሚነግሯችሁ እሳቸው ናቸው።

3. ዐለቱ ፊት ቁሙና ቅደም ተከተሉን አንብቡ

ሙሉ ሥራው የሚወሰነው እዚህ ነው። ቀኑን በሙሉ አንድ ዐለት ላይ ብታሳልፉ አልባከነም።

ተራራ ሲቆም ዐለቱ ይጨመቃል። ሲጨመቅ ሚካውና ሆርንብሌንዱ ግፊቱ ባዘዘው አቅጣጫ ይሰለፋል። ናይስ ላይ የምታዩት ነጭና ጥቁር ረድፍ የዚህ ውጤት ነው። እንግዲህ መጭመቁን ራሱን በቀጥታ መለካት ከባድ ነው። ከመጨመቁ በፊት የነበረውንና ከመጨመቁ በኋላ የመጣውን መለካት ግን ይቻላል።

ስለዚህ የምትፈልጉት ጥንድ ነው። አንደኛው የተጨመቀ ግራናይት፤ ማዕድኖቹ ተሰልፈው፣ ፌልድስፓር የሚባለው ፈዛዛ ማዕድን ተለጥጦ የዓይን ቅርጽ ይዞ የምታዩት። ሁለተኛው ያንን ረድፍ ቆርጦ የሚያልፍ፣ እሱ ራሱ ግን ያልተጨመቀ ዳይክ ነው፤ ዳይክ ማለት ቅልጥ በስንጥቅ ገብቶ የረጋበት የድንጋይ ግድግዳ ነው። ከዳይኩ ጠርዝ ላይ ተንበርከኩና በአጉሊ መነጽር እዩ። የናይሱ ጥቁር ረድፍ እስከ ዳይኩ ድረስ መጥቶ ቀጥ ይላል? በዳይኩ ውስጥ ያለው ሚካስ ወደ የትም ሳይሰለፍ ተበታትኗል? ሁለቱም አዎ ከሆነ ዳይኩ ከግፊቱ በኋላ የመጣ ነው። ሚካው ውስጡም በዚያው አቅጣጫ ከተሰለፈ ግን እሱም ግፊቱን ቀምሷል፤ ሌላ ፈልጉ።

የተጨመቀው 690 ሚሊዮን፣ ያልተጨመቀው 620 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ቢገኝ ግፊቱ በሁለቱ መሃል ነው። መሃሉን ማጥበብ ከፈለጋችሁ ሦስተኛ፣ በከፊል የታጠፈ ዳይክ ፈልጉ። በእኔ እምነት ከአንድ ዐለት የተወሰደ እንዲህ ያለ ጥንድ ከተለያየ ቦታ ከተለቃቀመ ብዙ ናሙና ይበልጣል።

መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት ሣሉት። ፎቶ አይበቃም። እጅ ሲሥል ዓይን ያላየውን ያያል። የረድፉን አቅጣጫና ዘንበል በኮምፓስ ለክታችሁ ጻፉ።

ከዚያ ናሙና። ፀሐይና ዝናብ ያበላሸው ልባስ አይጠቅምም። ደህና ግራናይት ሲሰበር ፌልድስፓሩ ብርሃን መልሶ ያብረቀርቃል፤ የበሰበሰው እንደ ኖራ ይነጣል፣ በጥፍር ይፈረፈራል። ልባሱን አራግፋችሁ የውስጡን ውሰዱ። ከግራናይት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል። ጠቆር ያለና ዚርኮን የሚያንሰው ድንጋይ ከሆነ ከ10 ኪሎ በላይ መሸከም ነው።

አዲስ ከረጢት ተጠቀሙ። ቀድሞ አሸዋ የነበረበት ማዳበሪያ ውስጥ የቀረች አንዲት ዚርኮን ሙሉ ታሪኩን ልታበላሽ ትችላለች። ቁጥሩን ከረጢቱ ላይም ድንጋዩ ላይም በማርከር ጻፉ፤ ወረቀት ብቻ ከሆነ ይረጥባል። ጂፒኤስ ስታነቡ ደግሞ መሣሪያው በየትኛው የካርታ ሥርዓት እንደተስተካከለ እዩ። የአገራችን የቆዩ ካርታዎች አዲንዳን በተባለው ሥርዓት የተሠሩ ናቸው፤ ስልካችሁ ግን ሌላ ይጠቀማል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነጥባችሁ 200 ሜትር ገደማ ይስታል። በገደል አገር 200 ሜትር ማለት ሌላ ዐለት ነው።

4. ዚርኮኑን ከድንጋዩ መለየት

ድንጋዩን እጠቡና አድርቁ። በመፍጫ ማሽን፣ ካልሆነም በብረት ሙቀጫ ሰባብሩት። አድቅቃችሁ አታልሙት፤ ከመታችሁ በኋላ እየነፋችሁ፣ ያላለፈውን እየመለሳችሁ ምቱ። ሚካና ሆርንብሌንድም ከፈለጋችሁ ከሩብ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነውን ለብቻ አስቀምጡ። ለዚርኮን ከሩብ ሚሊ ሜትር በታች ያለውን ውሰዱ።

ቀጥሎ ማጠብ ነው። ዚርኮን ከውኃ 4.6 እጥፍ ይከብዳል፤ በግራናይት ውስጥ በብዛት ያለው ኳርትዝ ግን 2.65 እጥፍ ብቻ። የመተከል ወርቅ አጣቢዎች በገበቴ የሚሠሩት እጅ ለዚህ ሥራ ትክክለኛው እጅ ነው። ገበቴውን በውኃ ሞልቶ ማወዛወዝ፣ ቀላሉን በጠርዝ ማፍሰስ፣ ከታች የቀረውን ጠቆር ያለ ደቃቅ መሰብሰብ። ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ይጠቀማሉ። በገበቴ የተሠራውም ያገለግላል፤ እጁ የለመደ ሰው ግን ይሥራው፤ ደቃቁ ዚርኮን ከኳርትዙ ጋር አብሮ እንዳይፈስ።

የቀረውን አድርቁ። ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ላዩ ላይ አሳልፉ፤ ማግኔታይት የሚባለው የብረት ማዕድን ይነሳል። ላስቲኩን ስትገልጡት ይራገፋል። ከዚያ ላብራቶሪ ያለው የማግኔት መለያ ማሽን ጋርኔቱንና ሆርንብሌንዱን ይወስዳል። በመጨረሻ ከባድ ፈሳሽ አለ። ሶዲየም ፖሊታንግስቴት የሚባለው ከሌሎቹ ያነሰ መርዛማ ስለሆነ እሱ ይሻላል። ኳርትዙና ፌልድስፓሩ ይንሳፈፋል፣ ዚርኮኑ ይሰምጣል። ሜቲሊን አዮዳይድ ከሆነ ያላችሁ ያለ ጓንትና ያለ አየር ማስወጫ አትንኩት።

ከዚያ ማይክሮስኮፕና ወረንጦ። ዚርኮን ጥርት ያለ፣ አንዳንዴ ሐምራዊ ወይም የማር መልክ ያለው፣ ጎኑ አራት ማዕዘን፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ፍሬ ነው። ቆንጆ ቆንጆውን ብቻ አትልቀሙ። ክብ የሆነውም፣ የደፈረሰውም ታሪክ አለው።

በናሙናና በናሙና መካከል ዕቃውን በሙሉ እጠቡ። ወንፊት ቀዳዳ ውስጥ የተሰነቀረ ፍሬ የሌላ ድንጋይ ልጅ ነው።

5. ማጣበቅ፣ መሞረድ፣ ፎቶ

ፍሬዎቹ ተደርድረው 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የኢፖክሲ ሙጫ ውስጥ ይያዛሉ። ከዚያ ግማሽ አካላቸው እስኪታይ ይሞረዳሉ። ቀጥሎ በኤሌክትሮን ጨረር የሚነሳ ፎቶ አለ፤ ካቶዶሉሚነሰንስ ይባላል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ይህን እንዳትዘሉት።

ፎቶው ላይ ዚርኮኑ ውስጡ ይገለጣል። ከቅልጥ የረጋ ዚርኮን ቀጫጭን ቀለበቶች አሉት፤ አንዱ ደመቅ፣ አንዱ ጠቆር እያለ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይደረደራል። አንዳንዱ ግን መሃሉ ላይ ሌላ አሮጌ ፍሬ ይዟል፤ ቀለበቱ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሸርሽሮ፣ ከዚያ በላይ አዲስ ሽፋን ተደርቦበታል። ውጭው ላይ ደግሞ ቀለበት የሌለው፣ እኩል የደመቀ ስስ ሽፋን ካለ ድንጋዩ ተቀብሮ ሲለወጥ የበቀለ ሊሆን ይችላል። በአንድ ፍሬ ውስጥ ሦስት ጊዜ አለ ማለት ነው። በኋላ ለመለካት የሚተኮሰው የሌዘር ነጥብ ከ20 እስከ 40 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ይሰፋል። ነጥቡ መሃሉንና ሽፋኑን እኩል ከነካ የሚወጣው ቁጥር የማንም ዕድሜ አይደለም።

6. መለካት

ሦስት ዓይነት መሣሪያ አለ። ሌዘር ከማስ ስፔክትሮሜትር (አቶሞችን በክብደታቸው ለይቶ ከሚቆጥር መሣሪያ) ጋር ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ከመቶ ከ1 እስከ 2 ይስታል። በአዮን ጨረር የሚለካው አዮን ማይክሮፕሮብ ስስ ሽፋን ላይ የተሻለ ነው። ፍሬውን አሟሙቶ የሚለካው ዘዴ ስህተቱን ከመቶ 0.1 ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል፤ ግን ቀርፋፋና ውድ ነው፤ ፍሬውም ያልቃል። የተራራ ሥራን በመጀመሪያ ለማየት ሌዘሩ ይበቃል።

ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ የመላኪያ ፈቃዱን ገና ድንጋዩ ሳይፈጭ ጠይቁ። በውላችሁ ላይም ዕድሜው የሚታወቅ ዚርኮን በእናንተ ፍሬዎች መካከል እየገባ እንዲለካ አስጽፉ። ከካናዳ የተገኘው 91500 የተባለው 1,065 ሚሊዮን ዓመት ነው። በዚያ ቀን መሣሪያው ለእሱ ትክክለኛውን ካልሰጠ የእናንተንም አትመኑ።

7. ቁጥሩን ማንበብ

አንድ ፍሬ እንውሰድ። የእርሳስ 206 (ከዩራኒየም 238 የሚወለደው) ለዩራኒየም 238 ንጽጽር 0.113 ወጣ እንበል። 1 ጨምሩበት፤ 1.113። የዚህ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም 0.107 ነው። ይህን ለዩራኒየም 238 የመፍረስ ፍጥነት አካፍሉ፤ እሱም በዓመት 0.000000000155 ነው። 690 ሚሊዮን ዓመት ይመጣል።

አሁን ሁለተኛውን ምስክር ጥሩ። የእርሳስ 207 (ከዩራኒየም 235 የሚወለደው) ለዩራኒየም 235 ንጽጽር 0.973 አካባቢ ከሆነ እሱም 690 ሚሊዮን ይላል። ሁለቱ ተስማሙ። ነጥቡ ኮንኮርዲያ በሚባለው ኩርባ ላይ ይቀመጣል። 1.10 ከሆነ ግን 753 ሚሊዮን ይሰጣል፤ ምስክሮቹ ተጣሉ። ወይ ዚርኮኑ በመሃል እርሳስ አፍስሷል፣ ወይ ሌዘሩ አሮጌ መሃልና አዲስ ሽፋን ቀላቅሏል። ወደ ፎቶው ተመለሱና ነጥቡ የት እንዳረፈ እዩ። አማካይ አውጥቶ ማለፍ ማታለል ነው።

የቶሪየምና የዩራኒየም ንጽጽርንም አትርሱ። ከ0.1 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ በለውጥ ጊዜ የበቀለ ሽፋን ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ከፎቶው ጋር አብሮ ካልመሰከረ ብቻውን አይበቃም።

8. ቅዝቃዜውን መከተል

ዚርኮኑ መቼ እንደረጋ ነገራችሁ። ተራራው መቼ ተሸርሽሮ ሥሩ እንደወጣ ለማወቅ ያስቀመጣችሁትን ሆርንብሌንድና ጥቁር ሚካ አምጡ። ማዕድኖቹ መጀመሪያ ኒውክሌር ሬአክተር ውስጥ ገብተው ከፖታሲየማቸው የተወሰነው አርጎን 39 ይሆናል፤ እሱ የፖታሲየሙን መጠን ይነግራል። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየጋሉ የሚወጣው አርጎን ይለካል። በተከታታይ ደረጃዎች አንድ ዓይነት ዕድሜ ከወጣ ይታመናል። እየወጣ እየወረደ ከሄደ ማዕድኑ በመሃል ተረብሿል።

ለምሳሌ ሆርንብሌንዱ 620፣ ሚካው 590 ሚሊዮን ዓመት ቢሰጥ፣ ድንጋዩ ከ530 ወደ 300 ዲግሪ ለመውረድ 30 ሚሊዮን ዓመት ወስዶበታል። በሚሊዮን ዓመት ወደ 8 ዲግሪ ማለት ነው። መሬት በኪሎ ሜትር 30 ዲግሪ ትሞቃለች ብለን ብንወስድ፣ ከላዩ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ድንጋይ ተነስቷል። የተራራው መፍረስ በቁጥር የሚታየው እንዲህ ነው።

9. አሸዋውንም ጠይቁ

የተሸረሸረው ተራራ የትም አልጠፋም፤ ከፊሉ አሸዋ ሆኗል። ደጀን በረሃ ታች ያለው የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያሉ ዚርኮኖች ከአሮጌ ዐለቶች ታጥበው የመጡ ናቸው። እዚህ ግን ሥራው ይለያል። ፍሬ አትመርጡም፤ የመጣውን ትለካላችሁ። ቢያንስ 117 ፍሬ ከለካችሁ ከመቶ 5 የሚሆን ድርሻ ያለው የዕድሜ ቡድን እንዳያመልጣችሁ 95 ከመቶ እርግጠኛ ትሆናላችሁ። አሸዋው ከውስጡ ካሉት ፍሬዎች ትንሹ ዕድሜ ሊበልጥ አይችልም። ለዚህ በአንዲት ፍሬ አትተማመኑ፤ ዕድሜያቸው የተቀራረበ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ይኑሩ።

10. አጻጻፍና አቀማመጥ

ዕድሜ ስትጽፉ ስህተቱን አብራችሁ ጻፉ። የትኛው ማዕድን፣ የትኛው ክፍሉ፣ በምን ዘዴ እንደተለካ፣ ናሙናው ከየትኛው ዐለት እንደተወሰደ በዚያው ዓረፍተ ነገር ይግባ። «ተራራው 650 ሚሊዮን ዓመት ነው» አትበሉ። «ግፊቱ ከተጨመቀው ግራናይት በኋላ፣ ካልተጨመቀው ዳይክ በፊት ነው» በሉና ሁለቱን ቁጥር አስቀምጡ። የተጣሉትን ፍሬዎችም በሠንጠረዡ ውስጥ ተዉአቸው።

ከየናሙናው አንድ ጡጫ የሚያክል ያልተፈጨ ድንጋይ አስቀሩ። ከተረፈው የዚርኮን ፍሬ፣ ከሥዕሉና ከማስታወሻ ደብተሩ ቅጂ ጋር ለዩኒቨርሲቲያችሁ የድንጋይ ክምችት አስረክቡ። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይሁን፣ ቁጥሩ የተጻፈበት ሳጥን ውስጥ ይግባ። የአስረካቢውን ስም፣ ቀኑንና የቦታውን ነጥብ ሳጥኑ ላይም መዝገቡ ላይም ጻፉ።